ማሽኑ ጆሮ የለውም

ቅዳሜ ጠዋት አዋላጇ ከአንገቷ የማይለየውን ቁልፍ አውጥታ ከማዋለጃው ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ከፈተች። በግራ ክንዷ ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ ክብደቷ የማይሰማ ሴት ልጅ ታቅፋለች። በቀኝ እጇ ነጩን አንሶላ ሳብ አደረገችው። ከስሩ የሕፃናት ማሞቂያው ሊኖር ይገባ ነበር፤ ክሊኒኩ ስንት ደጅ ጠንቶ ያገኘው ብቸኛ ማሽን። ያለው ግን አንዱ በሌላው ላይ የተገለበጠ ሁለት ወንበርና አንድ ባዶ ካርቶን ነበር።

አዋላጇ አልጮኸችም። ጩኸት ጊዜ ይወስዳል። ልጅቷን ከእናቷ ደረት ላይ ገላ ለገላ አጣበቀቻት፤ በዚያው አንሶላ ሁለቱንም ጠቀለለቻቸው፤ መኪና አስጠርታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሰደደቻቸው። ልጅቷ ተረፈች። አዋላጇ ግን ለምሳ እንኳ ሳትቀመጥ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው እሷ አንገት ላይ ነው። ሲጠይቋት ደግሞ «ትናንት ዓርብ ማታ ከመውጣቴ በፊት ከፍቼ አይቻለሁ፤ ነበረ» ብላ በገዛ አፏ ተናገረች። እንግዲህ ማሽኑ የጠፋው ዓርብ ማታ ነው፣ ቁልፍ ያዧ እሷ ናት፣ አለቀ። ለኮማንደሩ ማለት ነው።

ለኢንስፔክተሯ አላለቀም። ይህችን ሴት ጣቢያ ውስጥ «ችኮ» ይሏታል። ፊት ለፊት የሚላት የለም፤ እሷ ግን ታውቃለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ጡረታዋ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ጉልበቷ ደረጃ ሲወጣ ይንቋቋል፤ አንድ ነገር ካልገባት ግን ወይ ፍንክች። አሁንም በጠባቧ ክፍል መሃል ቆማ የተገለበጡትን ወንበሮች ታያለች።

«ለአንድ ሌሊት ብሎ ወንበር የሚቆልል ሌባ አይቼ አላውቅም» አለች።

«ጊዜ ለመግዛት ነዋ» አለ ኮማንደሩ።

«ለምን ይገዛል? ማታ ወስዶ እስኪነጋ የትም ይደርሳል። ሌባ ይዞ ይሮጣል እንጂ ቤት አያሰናዳም።»

ኮማንደሩ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱን ካየ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል ማለት ነው።

የክሊኒኩ አስተዳዳሪ እኩለ ቀን ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ደረሰ። ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ሌላ ከተማ ስልጠና ላይ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ስልኩን አውጥቶ ፎቶዎቹን አሳየ፤ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ ደረቱ ላይ ባጅ ለጥፎ፣ ዓርብ ራት ላይ ከአሰልጣኞቹ ጋር እየሳቀ። እጁን ግንባሩ ላይ ጭኖ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ያቺ ማቆያ ሣጥን ስንት ነፍስ ባዳነች! አዋላጇን እኔ እህቴ ነበር የምላት። ሰው ግን አይታወቅም።»

«ቁልፉ አንድ ብቻ መሆኑን ማን ነገራት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ነኛ። ቁልፉን ራሴ ነኝ ገዝቼ ያስገጠምኩት።»

ሊሸኛት እስከ በሩ ወጣ። በሩ ላይ «የእናቶችና የኅፃናት ክሊኒክ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከጽሑፉ መሃል አንዲት ፊደል ብቻ ቀለሟ አዲስ ነው፤ የተለጠፈባት ትመስላለች።

«ይቺ ምን ሆና ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ። ነገሩ ለሥራ አልነበረም፤ ዓይኗ ስላረፈባት ብቻ ነው።

አስተዳዳሪው ፊቱ በራ። «ጸሐፊው በሐመሩ ሐ ጽፎት ነበር። አስጠፍቼ በብዙኃኑ አስለወጥኩት። ምን ይደረግ፣ ፊደል የሚጠብቅ ጠፋ! ፊደል ያልጠበቀ ሰው ደግሞ ምን ይጠብቃል?»

ኢንስፔክተሯ ከሰው ጋር በፊደል የምትጣላበት ጊዜ አልነበራትም። ዘበኛውን ፍለጋ ሄደች።

ዘበኛው እጁን እያፍተለተለ ጠበቃት። «እማማ፣ እኔ ዓርብ ማታ ከዚህች በር አልተነቃነቅኩም። ማንም አልወጣም፣ ማንም አልገባም።»

«እማማህ እዚህ የለችም። ኳሱን ስንት ለስንት ወጡ?»

«ሁለት ለአንድ፤ መጨረሻ ላይ እኮ ነው ያ...» ብሎ አፉን ያዘ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን እንዳለው ስታልፍ አይታለች። ዘበኛው ጨዋታውን ሙሉውን እዚያ ተቀምጦ እንዳየ፣ ጎል ሲገባም እየጮኸ እንዳስቸገረ ከባለ ሻይ ቤቷ አረጋገጠች። ስለዚህ ዓርብ ማታ በሩ ክፍት ነበር፤ ማንም ሊገባ ይችል ነበር። ኢንስፔክተሯ ለጥቂት ጊዜ ይህን እንደ ትልቅ ግኝት ይዛው ዞረች። በኋላ ሲታይ ባዶ ነበር፤ ሰው ቢገባስ ቁልፉን ከየት ያመጣል?

አዋላጇ በጣቢያው ማረፊያ ክፍል አግዳሚው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። የሚያለቅስ ሰው አላገኘችም ኢንስፔክተሯ።

«ሲስተር፣ አስተዳዳሪው አንድ ነገር አቅርቧል። ማሽኑን ከመለስሽና ይቅርታ ከጠየቅሽ ክሱን እተዋለሁ ብሏል። መንገር ስላለብኝ ነው የምነግርሽ።»

«ያልወሰድኩትን ከየት አምጥቼ ልመልስ? ያላጠፋሁትንስ ምን ብዬ ይቅርታ ልበል?»

«ኮማንደሩ እንድታስቢበት ይፈልጋል።»

«አስቤበታለሁ። እምቢ።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ስልኬን ሳይቀሙኝ በፊት የጣቢያችሁን ገጽ አይቼዋለሁ። የሕፃናት ማሞቂያ የሰረቀች አዋላጅ ተያዘች ብላችሁ ጽፋችኋል። የዚህ ሰፈር ልጅ ግማሹ በእኔ እጅ ነው ወደ ዓለም የመጣው። አሁን እናቶቹ ስልካቸውን ሲከፍቱ ምን እንደሚላቸው ያውቃሉ? እኔ ከዚህ ብወጣስ ማን ልጁን ይሰጠኛል?»

ኢንስፔክተሯ አፈረች። ጽሑፉን ያስወጣው ኮማንደሩ ነው፤ ጣቢያው ግን የእሷም ጣቢያ ነው።

«ማሽኑን በምን እለየዋለሁ?» አለች።

«የጎን መስኮቱ እጀታ ተሰብሮ ነበር። በአረንጓዴ ፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ፤ በራሴ እጅ።»

ኮማንደሩ መዝገቡ በሚቀጥለው ዓርብ ለዓቃቤ ሕግ እንደሚሄድ ተናገረ። ኢንስፔክተሯ ማሽኑስ ስትለው፣ የቴክኒክ ክፍሉ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ እንዳጣው ነገራት።

«የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ይገኝ ነበር። ፈልገዋል፤ የለም።»

«የለም ነው ወይስ አላገኙትም?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሴትዮዋ የታሰረችበት ነው ልዩነቱ!»

«አንቺ ኮምፒውተር መክፈት የጀመርሽው ትናንት ነው» አለ ኮማንደሩ እየሳቀ። «ለባለሙያ ተዪው። ጡረታሽን በሰላም ተቀበይ።»

እንዲህ ያለ ነገር ለችኮ አይነገርም። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና መነጽሯን አደረገች። በሁለት ጣት እየለቀመች፣ ለሰው እንደሚጻፍ አድርጋ በትህትና ጻፈች፤ የተሰረቀው የሕፃናት ማሞቂያ የት እንዳለ እባካችሁ ንገሩኝ። ኮምፒውተሩ የውሃ ማሞቂያ ዘረገፈላት። ቀጥሎ የክፍል ማሞቂያ፣ ቀጥሎ ስለ ሕፃናት ጉንፋን የሚመክር ሐኪም። ማሞቂያ ማሽን ብላ አሳጠረችው። አንድ ሰውዬ አዲስ ማሞቂያ ማሽን እንዳለው፣ «ለስሱ ነፍሶች የሚስማማ» እንደሆነ ጽፎ አገኘች። ልቧ ዘለለ።

ሁለት ፖሊስ አስከትላ ሄደች። ሰውዬው በሩን ሲከፍት ሙቀት ወጣ፤ ከሙቀቱ ጋር ጫጫታ ወጣ። ክፍሉ ሙሉ በጫጩት ተሞልቷል።

«ስሱ ነፍሶች ያልከው እነዚህን ነው?» አለች።

«ታዲያ ስስ አይደሉም?» አለ ሰውዬው ተቀይሞ፣ አንዷን ከመሬት እያነሳ። «ብርድ ሲመታቸው እኮ እንደ ሰው ነው የሚንቀጠቀጡት።»

ጣቢያ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ስታልፍ አንዱ ከጀርባዋ ጭው ጭው አለ፤ ሌላው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ኮማንደሩ ከቢሮው ብቅ ብሎ «ተጠርጣሪዎቹ ቃላቸውን ሰጡ?» አላት። እሷ ግን ሽንጧን ገትራ በመሃላቸው አለፈች። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች እንጂ ወንበሯ ላይ አልተቀመጠችም።

ታላቅ እህቷ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ኢንስፔክተሯ የምትፈራው ሰው የለም፣ ከእህቷ በቀር። ኮምፒውተሮቹ ባሉበት ጥግ ወስዳ አስቀመጠቻት።

«እስቲ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ ጻፊ፣ ልየው።»

ጻፈች። እህቷ አንብባ እስክትጨርስ ትከሻዋ በሳቅ ተርገፈገፈ።

«ማንን ነው እባካችሁ የምትዪው? ውስጡ የተቀመጠ ሰው አለ?»

«እትዬ፣ ልትስቂብኝ ከሆነ ጣቢያም ይበቃኝ ነበር።»

«እሺ፣ እሺ። ስሚኝ። ይሄ ነገር አይመልስልሽም። ሌላ ሰው የጻፈውን ነው የሚያመጣልሽ። ስለዚህ መጻፍ ያለብሽ አንቺ የምትዪውን ሳይሆን እሱ የጻፈውን ነው። ሌባ ዕቃ ሲሸጥ የተሰረቀ ብሎ ይጽፋል?»

 ይህ የኢንስፔክተሯ የራሷ ሙያ ነው። ተጠርጣሪ ስትጠይቅ ዘወትር የምታደርገውን ኮምፒውተር ስታይ ለምን እንደረሳችው ገረማት።

«የማትፈልጊውን ደግሞ ከበር መልሺው» ብላ ቀጠለች እህቷ። «ቃሉን ጽፈሽ ከፊቱ ይቺን ጭረት አስቀምጪ። ውሃ አይግባ በያት፣ አይገባም።»

«ጫጩትም አይግባ።»

«ጫጩት ምን አመጣው?»

«ኋላ እነግርሻለሁ።»

ጭረቱን አደረገች። ውሃው ወጣ፣ ጫጩቱ ወጣ። እህቷ ሁለት ቃል ተያይዞ እንዲመጣ ከፈለገች በትእምርተ ጥቅስ እንድታስረው አሳየቻት። አሰረችው። የሕፃናት ማሞቂያ የሚል ብዙ መጣ፤ የሆስፒታል ዜና፣ የልገሳ ጥሪ፣ ስለ አዋላጇ መያዝ ራሱ ጣቢያው የጻፈው። የሚሸጥ ግን የለም።

«ማሞቂያ የሚሉት እነማን ናቸው?» አለች እህቷ።

«አዋላጆቹ። እናቶቹም።»

«ሻጩ አዋላጅ ካልሆነስ?»

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። አንድ ሰው በቅርቡ ይህን ማሽን በሌላ ስም ሲጠራው ሰምታለች። ማቆያ ብሎታል። ማቆያ ሣጥን። ጻፈችው። የለም። ሕፃናት የሚለውን ጨመረችበት። አሁንም የለም።

እህቷ በእሷ ላይ አጎንብሳ ፊደሎቹን አየች። «አንድ ነገር ላሳይሽ» አለችና ሌላ ገጽ ከፍታ በጸሎቱ ጸ ጸሐይ ብላ ጻፈች። ገጾች መጡ። አጠፋችውና በፀሐዩ ፀ ፀሐይ ብላ ጻፈች። ሌሎች ገጾች መጡ፤ የቀድሞዎቹ ጠፉ።

«ያው ፀሐይ አይደለም እንዴ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ላንቺ ጆሮ ያው ነው። ማሽኑ ግን ጆሮ የለውም። ያየውን እንጂ የሰማውን አያውቅም። አንዱ እንዲህ ጽፎ አንቺ እንዲያ ከፈለግሽው ዕድሜ ልክሽን አትገናኙም።»

ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ ተቀመጠች። የቴክኒክ ክፍሉን ልጆች አሰበቻቸው፤ አንዴ ጽፈው፣ የለም ብለው፣ ምሳ ሄዱ። እንደገና ጻፈች። በሐመሩ ሐ እና በፀሐዩ ፀ፤ የለም። በሃሌታው ሀ፤ የለም። ጸሎቱን አመጣች፤ የለም። አገላብጣ ሞከረች፤ የለም፣ የለም። ማያ ገጹ የለም ባላት ቁጥር ኮማንደሩ የሚስቅባት ይመስላት ነበር፤ በሳቀባት ቁጥር ደግሞ ጣቷ ይበልጥ ይጠነክራል።

«በቃ እንግዲህ» አለች እህቷ። «ሁሉንም ጨረስሽ።»

«አልጨረስኩም። ሌላ ሀ የለም?»

«ብዙኃኑ አለ። ግን ሕፃን በብዙኃኑ አይጻፍም። ስህተት ነው። ማን እንደዚያ ይጽፋል?»

 የኢንስፔክተሯ እጅ የመጻፊያ ሰሌዳው ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ፊደሏን ፍለጋ ገባች። በቀላሉ አልተገኘችም፤ ተፈልጋ እንጂ በስህተት የምትመታ ፊደል አይደለችም። አግኝታ መታቻት። የኅፃናት ማቆያ ሣጥን።

አንድ መስመር ብቻ ወጣ።

ከፈተችው። ሻጩ ስሙን አልጻፈም። ፎቶ አለ። በፎቶው ላይ የጎን መስኮቱ ይታያል፤ እጀታው አረንጓዴ ነው። ከላይ ገጹ ላይ የወጣበት ቀን ተጽፏል። ኢንስፔክተሯ ቀኑን አነበበች፤ ጣቷን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች፤ ደግማ አነበበች።

«ምነው? ፊትሽ ተለወጠ» አለች እህቷ።

«ምንም። ሳምንቱን ሙሉ የተሳሳተ ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬ ነው» ብላ የእህቷን ግንባር ሳመችና ወጣች።

ዘበኛውን በሩ ላይ አገኘችው።

«ስለ ዓርብ ማታ አልጠይቅህም» አለችው። «ዓርብን እርሳው። ከዚያ በፊት፣ ረቡዕ ቀን፣ ከዚህ በር ትልቅ ነገር ወጥቷል?»

«ረቡዕ?» ዘበኛው አሰበ። «አዎ፤ ፍሪጅ ወጥቷል። ለጥገና። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። እኔ ነኝ አግዤ መኪና ላይ ያወጣሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የጠየቁኝ ስለ ዓርብ ነዋ!»

እሱ ላይ ልትቆጣ አልቻለችም፤ እውነቱን ነው። ማን እንዳስወጣው ጠየቀችው፤ ነገራት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሄደች። አዋላጇ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ሲስተር፣ ደህና አድርገሽ አስቢና መልሺልኝ። ዓርብ ማታ ማሽኑን ነው ያየሽው ወይስ አንሶላውን?»

አዋላጇ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። 

«አንሶላውን» አለች። «ያን ሳምንት ያለ ጊዜው የተወለደ አልነበረም። ከበር ሆኜ ነው ያየሁት። ቁመቱ ያው ነው፤ ቅርጹ ያው ነው። ወይኔ! ነበረ ብዬ በገዛ እጄ ራሴን አሳሰርኩ!»

«ረቡዕ የት ነበርሽ?»

«ረቡዕ ዕረፍቴ ነው። ሁልጊዜ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ መዝገቡ ሊሄድ ባለበት ዓርብ፣ ኢንስፔክተሯ ኮማንደሩን ይዛ ክሊኒኩ ሄደች። እንዴት እንዳመጣችው አይጠየቅ፤ ካልመጡ ቢሮዎ በር ላይ እቀመጣለሁ አለችው፤ እንደምታደርገው ያውቃል። አስተዳዳሪው ተነስቶ ተቀበላቸው፤ ወንበር አቀረበ።

«ለአንድ ጉዳይ ላስቸግርዎ ነው» አለች። «ኢንተርኔት ላይ ፍለጋ እየተማርኩ ነው። የክሊኒኩን ገጽ ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። እርስዎ ቢያሳዩኝ?»

አስተዳዳሪው ፈገግ አለ። «ፊደል ሳትጠብቁ እየጻፋችሁ እኮ ነው። ይምጡ፣ ላሳይዎ።» ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረ፤ እጁን አሟሟቀ። «እናንተ እንደ ልማዳችሁ በሐመሩ ትጽፉታላችሁ። ትክክለኛው ይሄ ነው፤ ኅፃናት። በብዙኃኑ። እነሆ!»

ማያ ገጹ ላይ ሁለት መስመር ወጣ። የላይኛው የክሊኒኩ ገጽ ነበር። የታችኛውን አስተዳዳሪው ሲያየው እጁ ከሰሌዳው ላይ ተነሳ።

«እነሆ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስንፈልገው የሰነበትነው ይሄው ነው። በዚህ ፊደል የጻፈ ሰው ያገኘሁት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ክሊኒክና ይህ ሻጭ። ሁለተኛውን ይክፈቱልኝ።»

«ማንም ሊጽፈው ይችላል...»

«ይክፈቱታ! ኮማንደሩ አረንጓዴ እጀታ ማየት ይወዳሉ።»

አልከፈተውም። እሷ ከፈተችው። ኮማንደሩ አጎንብሶ ፎቶውን አየ፤ ቀኑን አነበበ።

«ይሄ የተለጠፈው ረቡዕ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የተሰረቀው ግን ዓርብ...»

«ዓርብ የተሰረቀ ነገር የለም። ረቡዕ፣ አዋላጇ ዕረፍት ላይ እያለች፣ እኚህ ሰው ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ፍሪጅ ነው ብለው በዘበኛው እጅ ጭምር አስጫኑት። ወንበሮቹን በአንሶላ ሸፈኑ። ሐሙስ ስልጠና ሄዱ። ከዚያ ፎቶ መነሳት ብቻ ነው የቀራቸው። አዲስ ቁልፍ ሲገዛ ከነግልባጩ እንደሚሸጥ ማንም ያውቃል፤ እሷን ግን አንድ ብቻ ነው አሏት። ግልባጩ የት ነው?»

አስተዳዳሪው ወደ ኮማንደሩ ዞረ። «ማሽኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ! ስንት ቢሮ ተመላልሼ! እዚህ ግን ሁሉም የሚያመሰግነው አዋላጇን ነው። ለወራት ቆሞ ሲውል...»

«አንድ ሕፃን ሊሞትበት ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። ድምጿን አላነሳችም። «ያዳናት እሷ ናት። እርስዎ ደግሞ ይቅርታ ትጠይቀኝ አሉ። ዓይንዎን በጨው አጥበው!»

ግልባጩ ቁልፍ ከመሳቢያው ተገኘ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ በሌላ ከተማ፣ የተሰረቀ መሆኑን ሳያውቅ ከገዛው የግል ሐኪም ቤት ተጭኖ መጣ።

ኮማንደሩ የማረፊያ ክፍሉን በር ራሱ ከፈተ።

«ሲስተር፣ ነፃ ነሽ። ስህተት ነበር። የኋላውን በር ከፍተናል፤ ሰው ሳያይሽ መውጣት ትችያለሽ።»

አዋላጇ አልተነሳችም።

«ጽሑፉስ?» አለች።

«የቱ ጽሑፍ?»

«ሰረቀች ያላችሁት።»

«እሱን እናጠፋዋለን።»

«አጥፉት። ያየው ሰው ግን አይቶታል፤ የገለበጠውም ገልብጦታል። አልሰረቀችም ብላችሁ ጻፉ። በሩን ክፍት ተዉት፣ እኔ እዚሁ ነኝ። ተጽፎ በገዛ ዓይኔ እስካላየሁት ድረስ ከዚህ አልነሳም።»

ኮማንደሩ ኢንስፔክተሯን አያት። እሷ ጣሪያውን አየች።

«እሺ፣ ይጻፋል» አለ።

«በስንቱ ፊደል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ምን ማለት ነው?»

«እናቶቹ ሕፃን ብለው ሲፈልጉ እያንዳንዷ በለመደችው ነው የምትጽፈው። አንዷ በሃሌታው፣ አንዷ በሐመሩ። በአንዱ ብቻ ከጻፉት የቀሩት የሚያገኙት ሰረቀች የሚለውን ነው። ማሽኑ ጆሮ የለውም፣ ጌታዬ።»

«በሁሉም ብንጽፈው ሕዝቡ አበዱ አይለንም?»

«ይበለና!» አለች አዋላጇ ከአግዳሚው። በዚያ ክፍል ስትስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

ኮማንደሩ መጻፍ ያለበት ራሱ ነው፤ ያስወጣው እሱ ነውና። በአንድ ጣት እየለቀመ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሯ ከጀርባው ቆማ ፊደል ጠራችለት፤ ሐመሩ፣ ሃሌታው፣ ብዙኃኑም ሳይቀር፤ እያንዳንዱን በጸሎቱ፣ ደግሞ በፀሐዩ። ጭው ጭው ያለባት ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ ያያል፤ አሁን አልሳቀም። ኮማንደሩ አንዴ ሊዘል ሲል ትከሻውን ነካ አደረገችው።

አዋላጇ እዚያው አደረች፣ በሩ ተከፍቶ። ጠዋት ኢንስፔክተሯ መጥታ የራሷን ስልክ አዋሰቻት። አዋላጇ ተቀብላ ትንሽ አሰበችና የሰፈሯ እናቶች እንደሚጽፉት፣ ፊደል ሳትጠብቅ፣ ህጻን ማሞቂያ አዋላጅ ብላ ጻፈች።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ወጣ። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አነበበችው።

«አዋላጇ አልሰረቀችም። ጣቢያው ተሳስቷል።»

ስልኩን መለሰች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ በፊት ለፊቱ በር ወጣች።